«ሚረር ቦል» በአማርኛ ምን ይባል? «የመስታወት ኳስ» ማለት ይበቃል?

ተርጓሚዋ፦
የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላለ አንድ የሠርግ አዳራሽ የመብራት ዕቃዎችን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ያስቸገረኝ «ሚረር ቦል» የሚለው ስም ነው፤ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ የሚዞረው፣ በመስታወት ቁራጮች የተሸፈነው ኳስ ማለት ነው። መጀመሪያ «የመስታወት ኳስ» ብዬ ጻፍሁ፤ ረቂቁን ያነበበችልኝ የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ግን «ጠንቋዮች የሚያዩበት ዓይነት፣ ውስጡ የሚታይ ኳስ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አልፈረድሁባትም፤ በቋንቋችን መስኮት ላይ የሚገጠመውም፣ ፊታችንን የምናይበትም መስታወት ነውና። ይህ ሳያንስ፣ በኮምፒዩተር የምስል ሥራ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ በያዘው ጽሑፍ ውስጥ ይኸው ስም ተጽፎ አገኘሁ፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ግን አንድም ቁራጭ ያልተለጠፈበት ልሙጥ የብረት ኳስ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው? ካልሆኑስ በአማርኛ እንዴት ልለያቸው?

የአዳራሽ መብራት ሠራተኛ፦
እህቴ፣ እኔ ይህን ዕቃ ለዓመታት ስሰቅልና ሳወርድ የኖርሁ ሰው ነኝ። በሥራው ላይ ያለነው ሁላችንም «ዲስኮ ቦል» ነው የምንለው፤ «የመስታወት ኳስ አምጣ» ቢሉኝ ግን ወዲያው ይገባኛል። ኳሱ ከውስጥ ባዶ ነው፤ በላዩ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ጠፍጣፋ የመስታወት ቁራጮች በረድፍ ተለጥፈውበታል። ከላይ ትንሽ ሞተር አለው፤ በደቂቃ አንድ ሁለት ዙር ያህል ያዞረዋል። መመሪያው ላይ በግልጽ እንዲጽፉልኝ የምለምንዎት ነገር ቢኖር ኳሱ የራሱ ብርሃን የሌለው መሆኑን ነው። ሱቅ ውስጥ «ዲስኮ መብራት» እየተባለ የሚሸጠው ባለ ቀለም አምፖል ሌላ ዕቃ ነው፤ የእኛው ኳስ ከጎን ጠበብ ያለ ጨረር የሚሰጥ ስፖት ላይት ካልተመታ ጨለማ ውስጥ የተንጠለጠለ ሸክም ብቻ ነው። ሸክም ካልሁ ዘንድ፣ ከሞተሩ መንጠቆ በተጨማሪ ኳሱን በሁለተኛ የብረት ገመድ ከጣሪያው ጋር ማሰር ግዴታ መሆኑንም አይርሱት፤ ከሥሩ ሙሽሮችና ሕፃናት ናቸው የሚቆሙት።

አንድ ጊዜ ጠዋት ላይ ኳሱን ከመኪና አውርጄ ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት አቆምሁት፤ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ገና እየወጣች ነበር። ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ግድግዳውን፣ የግቢውን ዛፎችና የዘበኛውን ነጭ ጋቢ በነጠብጣብ ሞላው። ያስገረመኝ ግን አጠገቤ ወለሉ ላይ ያረፉት ነጠብጣቦች እንደ ቁራጮቹ አራት ማዕዘን ሲሆኑ፣ ሩቅ ግድግዳ ላይ ያረፉት ሁሉ ክብ መሆናቸው ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የፊዚክስ መምህር፦
ወንድሜ ያዩት ነገር ለተርጓሚዋም ጥያቄ መልስ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዷ ቁራጭ ጠፍጣፋ ስለሆነች ብርሃኑን ሳትበትን በአንድ አቅጣጫ ትመልሰዋለች፤ ኳሱ የነጠብጣብ ምንጭ የሚሆነውም በዚህ ነው። ቅርብ ሲሆን የቁራጯ ቅርጽ ይታያል፤ ሩቅ ሲሆን ግን ትንሿ መስታወት እንደ ጠባብ ቀዳዳ ታገለግልና ግድግዳው ላይ የፀሐይዋን የራሷን ምስል ትጥላለች። ፀሐይ ለዓይናችን የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ከምታህል ቁራጭ የተነሣው ክብ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዋርካ ሥር ስንቀመጥ በቅጠሎቹ መካከል አልፈው መሬት ላይ የሚያርፉት ክቦችም ከዚሁ የተለዩ አይደሉም፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን እንደታየው ያለ የፀሐይ ግርዶሽ ሲመጣ ክቦቹ ሁሉ ማጭድ ይመስላሉ። ኳሱ እየተንቀረፈፈ ሲዞር ነጠብጣቦቹ የሚቸኩሉትም፣ መስታወት አንድ ዲግሪ ሲዞር የሚመልሰው ጨረር ሁለት ዲግሪ ስለሚዞር ነው።

ልሙጡ ኳስ ግን ሥራው ሌላ ነው። ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ግድግዳ ላይ ነጠብጣብ አይጥልም፤ በምትኩ በዙሪያው ያለውን ሁሉ፣ ከጀርባው ያለውን እንኳ አብዛኛውን፣ ፊቱ ላይ አጠራቅሞ ያሳያል። የፊልም ባለሙያዎች ኳሱን ፎቶግራፍ የሚያነሡት በቦታው የነበረው ብርሃን ከየት ከየት እንደመጣ መዝግበው፣ በኮምፒዩተር የተሠራውን ነገር በዚያው ብርሃን ለማብራት ነው። ይህን ዘዴ የኮምፒዩተር ምስል ተመራማሪው ፖል ዴብቬክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረበው ሥራ አስፋፍቶታል። ስለዚህ አንዱ ኳስ ብርሃን ይረጫል፣ ሌላው ብርሃን ይሰበስባል፤ በእንግሊዝኛ በአንድ ስም ቢጠሩም እኛ በአንድ ስም ልንጠራቸው የሚያስገድደን ነገር የለም።

ፊደል ወዳድ፦
በመምህሩ ሐሳብ ላይ ጥቂት ልጨምር። «ዲስኮ ቦል» የሚለው ስም በሠራተኞቹ አፍ የለመደ ስለሆነ መመሪያው ሊተወው አይገባም፤ ዋና ስም እንዲሆን ግን አልደግፍም፤ ዕቃው ዲስኮ ከሚባለው ጭፈራ እጅግ ይቀድማልና። አሜሪካዊው ሉዊስ በርናርድ ዎስት የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ዲስኮ የገነነው በ1970ዎቹ ነው። ዎስት ዕቃውን የጠራበት ስም «ማይሪያድ ሪፍሌክተር» ነው። ማይሪያድ በግሪክኛ ዐሥር ሺህ ማለት ነው፤ እንዲሁም ስፍር ቁጥር የሌለው ማለት ነው። የእኛው «እልፍ» ሁለቱንም ትርጉም ይዞ ይገኛል። «እልፍ አንጸባራቂ» ብንለው ቃል በቃል ይገጥማል፤ በጣም ደስ የሚለኝም ስም ይኸው ነው። ሆኖም ሠራተኛው መሰላል ላይ ቆሞ የሚያነበው መመሪያ ስለሆነ፣ አዲስ ስም ከማስለመድ «መስታወት» የሚለውን ቃል ማጥራት ይሻላል እላለሁ።

ግእዙ ፊት ማያ መስታወትን «መጽሔት» ይለው ነበር፤ ዛሬ መጽሔት በየጊዜው የሚታተም ጽሑፍ ስለሆነ ወደ እርሱ መመለስ አይቻለንም። በእኔ አስተያየት ግራ መጋባቱን የሚያስወግደው «ቁራጭ» የሚለው ቃል ነው። «ባለ ቁራጭ መስታወት ኳስ» ያለ ሰው የጠንቋይ ኳስ ሊመስለው አይችልም። የወንድምዎን ደግሞ «ልሙጥ አንጸባራቂ ኳስ» ይበሉት፤ መስታወት የሚለውን ቃል ጨርሶ ባያስገቡበት ይሻላል፣ ከብረት የተሠራ ነውና።

ተርጓሚዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ካነበብሁ በኋላ ዛሬ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር፤ ታንኳ ባለፈ ቁጥር ውኃው ሲሸበሸብ እያንዳንዷ ትንሽ ሞገድ ፀሐይን ለቅጽበት መልሳ ስትጠፋ አየሁና የመምህሩ «ቁራጭ» በደንብ ገባኝ። መመሪያው ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦ «ባለ ቁራጭ መስታወት ኳስ፣ በተለምዶ ዲስኮ ቦል የሚባለው፣ የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከጎኑ በተተከለ ጠባብ ጨረር ባለው ስፖት ላይት ይበራል። ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ሁለተኛው የብረት ገመድ መታሰሩን በእጅዎ ስበው ያረጋግጡ።» ተቆጣጣሪዋም አንብባው ያለ ጥያቄ ፈርማበታለች።

የአዳራሽ መብራት ሠራተኛ፦
በጣም ጥሩ ነው፣ እህቴ። «ስበው ያረጋግጡ» ከሚለው ቀጥሎ «ኳሱን ከማውረድዎ በፊት ስፖት ላይቱን ያጥፉ» የሚል ይጨምሩልኝ፤ መሰላል ላይ ሆኖ ዓይን ውስጥ የሚገባ ጨረር ሰው ይጥላል።