ቆሜ የምሠራበት ጠረጴዛ ተረከዜንና ትከሻዬን አሳመመኝ፤ ይስተካከላል ወይስ ልሽጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም_ዲዛይን

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ኮምፒውተር ላይ የሚያቆይ የግራፊክስ ሥራ ነው የምሠራው። በኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ የሚል ስታንዲንግ ዴስክ ከገዛሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ቁመቴ 1.64 ሜትር ነው። ጠረጴዛው ባለ አንድ ሞተር ሲሆን ከ72 እስከ 118 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ስቆም 112 ላይ ነው የማደርገው። ላዩ ላይ 27 ኢንች ስክሪን ከነመቆሚያው፣ ኪቦርድና ማውዝ አለ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 ቆሜ፣ ከምሳ በኋላ ተቀምጬ እሠራለሁ።

ተረከዜና ወገቤ ከረፋዱ ጀምሮ ያመኛል፤ ቀኝ ትከሻዬ ማታም አይለቀኝ። ኪቦርዱን ስመታ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጠረጴዛው ወደ ላይ አልወጣም አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፊዚዮ_በሙያ

እህቴ አትሽጪው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት አራት ሰዓት ሙሉ ሳትቀመጪ መቆምሽ ነው።

ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም የሚገፋው በአብዛኛው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ደም ሥሩን ይጨምቀዋል፤ አንድ ቦታ ደርቀን ስንቆም ግን ሥራውን ያቆማል። ደሙ ታች ይጠራቀማል፣ ፈሳሹ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ማታ ካልሲሽን ስታወልቂ የላስቲኩ ምልክት ጠልቆ ቀርቶ እንደሆነ እዪ። የቅልጥምሽን ፊት ደግሞ በአውራ ጣትሽ 5 ሰከንድ ተጫኚው፤ ጣትሽን ስታነሺ ጉድጓዱ ቶሎ የማይሞላ ከሆነ እግርሽ ፈሳሽ ይዟል፣ ከአቅምሽ በላይ ቆመሽ ሊሆን ይችላል።

በ2015 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲሲን የወጣው የባለሙያዎች ምክር የቢሮ ሠራተኛ በሥራ ቀኑ በድምሩ 2 ሰዓት በመቆምና በቀላል እንቅስቃሴ እንዲጀምርና ቀስ በቀስ ወደ 4 ሰዓት እንዲያሳድገው ነው። በድምሩ የሚለውን ያዢልኝ፤ በአንድ ትንፋሽ አይደለም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የኤርጎኖሚክስ ሰዎች ግማሽ ሰዓቱን እንዲህ ይከፍሉታል፦ 20 ደቂቃ መቀመጥ፣ 8 ደቂቃ መቆም፣ 2 ደቂቃ መንቀሳቀስ። በ8 ሰዓት ውስጥ 16 ግማሽ ሰዓት ስላለ መቆሙ ብቻ 128 ደቂቃ ይሆናል። ለዲዛይን ሥራ በየ20 ደቂቃው መነሣት ሐሳብ ይበትናል፤ ስለዚህ 40 ደቂቃ ተቀመጪ፣ 15 ቁሚ፣ 5 ደቂቃ ውሃ እየቀዳሽም ቢሆን ተራመጂ። ኢሜይል፣ ስልክ፣ ስብሰባ ቆመሽ አድርጊው። ማውዙን በሚሊ ሜትር የምታንቀሳቅሺበትን ሥራ ግን ተቀምጠሽ፤ ቆሞ ክንድን አጽንቶ መያዝ ትከሻን ያደክማል።

ስትቆሚም አትድረቂ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ ሳጥን ከእግርሽ ሥር አድርገሽ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ እግርሽን አሳርፊበት፤ የወገቡ ጉብጠት ይቀንሳል። ሊቃውንቱ ማሕሌት ቆመው ሲያድሩ መቋሚያው ክብደታቸውን ይጋራል፣ ሽብሸባው እግራቸውን ያንቀሳቅሳል። ያንን አቋቋም ልብ ብሎ ላየ ሰው ትምህርቱ ሁሉ እዚያው ነው።

ክብደት ለመቀነስ ብለሽም ከሆነ ተስፋ አታድርጊበት። በ2018 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ መቆም ከመቀመጥ በደቂቃ በ0.15 ካሎሪ ብቻ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ በ6 ሰዓት 54 ካሎሪ መሆኑ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ከሞቀና ካመመ ደም የረጋበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። የእግር ደም ሥር መገታተር፣ ስኳር ወይም እርግዝና ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

መልስ፦ ሜትር_በእጄ

የትከሻሽ ምክንያት 112 ነው። በአማካይ የክርን ከፍታ ከቁመት 63 በመቶ ያህል ስለሆነ የአንቺ በባዶ እግር ወደ 103 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ጠረጴዛሽ ከክርንሽ በላይ ነው ማለት ነው፤ እጅሽ ኪቦርዱ ላይ እንዲደርስ ትከሻሽ ቀኑን ሙሉ ወደ ጆሮሽ ተሰቅሎ ይውላል።

ቀመሩ ግምት ነው፤ ሜትር ይዘሽ ለኪ። የምትሠሪበትን ጫማ አድርጊ፣ ትከሻሽን ልቀቂ፣ ክርንሽን እንደ ማዕዘን 90 ዲግሪ እጠፊ፣ ሌላ ሰው ከወለል እስከ ክርንሽ ሥር ይለካልሽ። 3 ሳንቲ ሜትር ሶል ባለው ጫማ 106 ቢወጣ የኪቦርዱን ውፍረት 2 ቀንሺና ጠረጴዛውን 104 ላይ አድርጊ። የኪቦርዱን የኋላ እግሮች እጠፊያቸው፤ አንጓ ወደ ላይ የሚሰበረው በእነሱ ነው። የቁጥር ቁልፎች የሌሉት አጭር ኪቦርድ ካገኘሽ ማውዙ ወደ አካልሽ ስለሚቀርብ ቀኝ ትከሻሽ ያመሰግንሻል።

ጠረጴዛው ሲወርድ ስክሪኑም አብሮ ይወርዳልና እሱንም አስቢ። በጫማ የዓይንሽ ከፍታ ወደ 156 ነው፤ የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከጠረጴዛው 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። መቆሚያው ካልደረሰ ጠንካራ ጣውላ ከሥሩ አስገቢ ወይም ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ክንድ ግዢ። ርቀቱ የተዘረጋ ክንድ ያህል። በታችኛው በኩል የንባብ ሌንስ ያለበት መነጽር የሚያደርግ ሰው ግን ስክሪኑን ከዚህ ዝቅ ያድርገው፤ አለበለዚያ አገጩን አንሥቶ ሲያይ ይውላል።

ማንም የማያነሣው ደግሞ መቀመጡ ነው። ለአንቺ ቁመት ተቀምጦ ለመሥራት የሚስማማው የጠረጴዛ ከፍታ 64 አካባቢ ሲሆን የአንቺ ጠረጴዛ ግን ከ72 በታች አይወርድም። 8 ሳንቲ ሜትሩን በወንበሩ ማካካስ አለብሽ፤ ወንበሩን 8 ከፍ፣ ከእግርሽ ሥርም 8 ሳንቲ ሜትር መርገጫ። መርገጫውን ከተውሽው የወንበሩ ጠርዝ ጭንሽን ከሥር ይጫነዋል።

መልስ፦ እንጨትና_ብረት

ስለ ብረቱ ልናገር። ወደ 104 ስታወርጂው መንቀጥቀጡ ራሱ ይቀንሳል፤ የውስጡ ቱቦ ወደ ውጪኛው ይበልጥ ስለሚገባ። ለቀረው አቅጣጫውን እዪ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሆነ የጠረጴዛውን እግር ወለል ላይ ከሚያርፈው መርገጫ ብረት ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ላልተዋል፤ ወደ ጎን ከሆነ ከገበታው ሥር ያለው አግዳሚ ነው። ጠረጴዛውን እስከ ታች አውርጂ፣ ከሶኬት ንቀይ፣ የላላውን ጎን ብሎኖች ሁሉ ግማሽ ዙር ፍቺ፣ ብረቱ በቦታው ይቀመጥ፣ ከዚያ በየተራ ጥቂት በጥቂት፣ አንዱን ጥግ ከዚያ ተቃራኒውን፣ አጥብቂ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቀሽ ወደ ሌላው ከሄድሽ ፍሬሙ ተጣሞ ይታሰራል። በመጨረሻ ከአራቱም የመርገጫ ጫፎች ሥር ወረቀት አስገቢ፤ በቀላሉ የሚወጣበት ጫፍ ወለሉን አልነካም፣ እሱን በማስተካከያው ብሎን አውርጂው። ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ገበታው ላይ አድርገሽ ኪቦርዱን ምቺ፤ ውሃው ረግቶ ስክሪኑ ብቻ ከተወዛወዘ ጥፋቱ የስክሪኑ መቆሚያ ነው።

ባለ አንድ ሞተር ስለሆነ ሁለቱን እግሮች የሚያገናኝ ዘንግ ከገበታው ሥር አለ። የዘንጉ ማጥበቂያ ከላላ አንዱ እግር ወደ ኋላ ይቀራል። የግራውንና የቀኙን ጫፍ ከወለል ለኪ፤ ልዩነት ካለ ዘንጉን አጥብቂ።

አልወጣም ያለው ኃይል በድንገት ሲቋረጥ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ያለበትን ከፍታ ስለጠፋው ነው። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ነገር ሁሉ አንሺ፣ መሳቢያውንም ወንበሩንም። የመውረጃውን ቁልፍ ተጭነሽ እስከ ታች አውርጂ፣ ልቀቂ፣ እንደገና ተጭነሽ ያዢ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ትንሽ ወርዶ ትንሽ ይነሣል፤ እስኪቆም ጣትሽን አታንሺ። የአንዳንዱ ሞዴል ቅደም ተከተል ስለሚለይ መመሪያውን ተመልከቺ።

መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ንቀይው፤ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ነው። ከአሜሪካ ጠረጴዛ ለሚያስመጣ ሰው ደግሞ፦ ሳጥኑ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልተጻፈ በእኛ 220 ላይ አትሰኩት። ሞተሩም 2 ደቂቃ ከሠራ 18 ደቂቃ ያርፍ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ልጆች ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲጫወቱበት ግሎ ይቆማል።

ገመዱን በተመለከተ የሶኬት ማከፋፈያውን ከገበታው ሥር በብሎን እሰሪው፤ ወደ ግድግዳ የሚወርደው አንድ ገመድ ብቻ ይሁን፣ እሱም 118 ላይ ሳይወጠር የሚደርስ።

ጥያቄ፦ ከርቀት_ሠራተኛ

የኤሌክትሪኩን መግዛት ለማንችል ሰዎች በያጅ ጋ ማሠራት ይቻላል?

መልስ፦ እንጨትና_ብረት

ይቻላል፣ እንዲያውም አይንቀጠቀጥም። ከ40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ በክርንህ ልክ የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ አሠራ፣ ከኋላ በኩል በሁለቱ እግሮች መካከል አግዳሚ ይበየድ። ላዩን 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ካደረግክ 140 ሳንቲ ሜትር ላይ መሃሉ ይጎብጣልና ከሥሩ አንድ ቱቦላሬ ይሂድበት። መቀመጡ እንዳይቀር ረጅም ወንበር አብረህ አሠራ። ጠረጴዛው 104 ከሆነ የወንበሩ መቀመጫ 82 ገደማ፣ የእግር ማሳረፊያው ብረት ከወለል 40 ገደማ ይሁን፤ ማሳረፊያ የሌለው ረጅም ወንበር እግር ያደነዝዛል።

ሰላም_ዲዛይን

ወደ ታች አውርጄ ስይዘው ተስተካክሏል፣ አሁን 104 ላይ ነው። እናመሰግናለን። ለሴራሚኩ ከፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ባነጥፍስ?

መልስ፦ ፊዚዮ_በሙያ

ስፖንጁ ይቅር። ከክብደትሽ ሥር ተጨፍልቆ ያልቅና ተረከዝሽ እንደገና ሴራሚኩን ያገኛል፤ ገና ሳያልቅ ደግሞ ቁርጭምጭሚትሽ ሚዛን ሲፈልግ ይደክማል። የምትፈልጊው ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በአውራ ጣት ስትጫኚው በመጠኑ ገብቶ ወዲያው የሚመለስ ምንጣፍ ነው፤ የጂም ወለል ላይ እየተገጣጠመ የሚነጠፈው ዓይነት ይሆናል። ነጠላ ጫማውን ተዪው፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርጊ። ምንጣፉ ላይ ስትቆሚ ከፍ ስለምትዪ ክርንሽን እንደገና አስለኪና ጠረጴዛውን በዚያው ልክ አንሺው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስትቀመጪ ወደ ጎን ግፊው፣ የወንበሩ ጎማ ጠርዙን ይቀደዋል።