መንዝ ያለው መንደራችን ሰው እያለቀበት ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ያደግሁት መንዝ፣ ከጓሳ የሣር ምድር ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። አሁን የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ለቀብር ስሄድ ቃሬዛውን የተሸከሙት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ እንጨቱ እንዳይቆረቁረው ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣጥፎ፣ ትንሽ ሄድ እያለ ያርፋል። ወጣቱ ወይ እዚህ ነው፣ ወይ አዲስ አበባ። እኔም ያው ነኝ፣ ማንን ልውቀስ?

አባቴ የቄሮን ነገር አውርቶ አይጠግብም። (ጓሳን ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ የነበረውን የድሮ ሥርዓት ማለቴ ነው።) በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀረ። ሣሩን ግን ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል፤ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ። ነገስ ማን ሊጠብቀው ነው?

አሁን የቸገረኝ ይሄ ነው። አጎቴ ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) ሠሪ ነው፤ ሙያውን የሚቀበለው የለም። ታናሽ ወንድሜን ተማር ብለው «ማን ሊገዛኝ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ባና ከተማ ላይ በደህና ዋጋ የሚረከብ ማን ነው? የበግ ጠጉሩ ሽታስ በምን ይለቃል? ያሳየኋቸው ሁሉ የሚያማርሩት እሱን ነው።