የቆዳ ካንሰርና የሕዋስ ምልክት መስመሮች፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የትኛውን ያስቀድም?

የረቂቁ አዘጋጅ፣ ደብረ ብርሃን፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የፕሮፖዛሉን የመጀመሪያ ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ቤዛል ሴል ካርሲኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ልጓም ሆኖ የሚያገለግለው ፓችድ የተባለው ፕሮቲን ሲበላሽ፣ ስሙዝንድ የተባለው ፕሮቲን ያለ ከልካይ ስለሚሠራ ሄጅሆግ የተባለው የምልክት መስመር (በሕዋሱ ውስጥ ትእዛዝ የሚቀባበሉ ፕሮቲኖች ሰንሰለት) ሕዋሱን ሳያቋርጥ እንዲባዛ ያዘዋል። ቀለም ከሚሰጡት የቆዳ ሕዋሳት በሚነሣው ካንሰር፣ በሜላኖማ ደግሞ ቢራፍ የተባለው ጂን በአንድ ነጥብ ሲለወጥ፣ ከውጭ ምንም ትእዛዝ ሳይመጣ የመባዛት ምልክት ሜክ በተባለው ፕሮቲን በኩል ኤርክ ወደተባለው ይወርዳል። ለሁለቱም መድኃኒት ተገኝቷል፤ ለሜላኖማው ቬሙራፈኒብ በ2011፣ ለቤዛል ሴሉ ቪስሞዴጊብ በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ስለዚህ ቢራፍን እንድናስቀድም ሐሳብ አቀርባለሁ።

የጤና መኮንን፣ መሐል ሜዳ፦
ዶክተር፣ ስለ ድካምዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቢራፍን ማስቀደሙን ግን አልደግፈውም። ይህ ለውጥ በግማሽ ያህሉ የሚገኘው ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በሚወጣው ሜላኖማ ነው። በእኛ ሕዝብ ዘንድ ሜላኖማ በብዛት የሚታየው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ሲሆን፣ በዚህኛው ዓይነት የቢራፍ ለውጥ ያነሰ ነው፤ በአንዳንዱም የኪት ጂን ተለውጦ ይገኛል። አንድ አባት ተረከዛቸው ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ የእሾህ ስባሪ መስሏቸው በወስፌ ሲነካኩት ከርመው፣ እኛ ዘንድ የደረሱት ብሽሽታቸው ካበጠ በኋላ ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከቆዳው የላይኛ ንብርብር ሕዋሳት የሚነሣው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ በመንዝ ደጋ ከብት የሚጠብቅ አልቢኒዝም (የቆዳ ቀለም በተፈጥሮ ማነስ) ያለበት ልጅ ከንፈሩና ጆሮው ላይ የሚያርፈው ጉዳት ከባድ ነው። ጨረሩ የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግተውን የፒ53 ጂን ያበላሻል፤ ሕዋሱ በወጉ እንዲበስል የሚያዘው የኖች መስመርም ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። ፀሐይ ባላየው የቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ባልዳነ የእግር ቁስል ላይም ይኸው ካንሰር ስለሚወጣ፣ ሁለቱን ቡድኖች ለይተን ማነጻጸር አለብን።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት፦
የጤና መኮንኑን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሆኖም ናሙናው ካልተጠበቀ የትኛውንም ጂን ማንበብ አንችልም። ባለፈው ወር የተቀበልኩት ባዮፕሲ (ለምርመራ የተቆረጠ ናሙና) ጥንካሬው ባልታወቀ ፎርማሊን፣ ማለትም ናሙና ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በፕላስተር ላይ የተጻፈው ስምም ደብዝዞ ነበር። 10 በመቶ የሆነው፣ አሲድነቱ የተስተካከለው ፎርማሊን ለየጤና ጣቢያው እንዲታደል፣ ናሙናውም ከ3 ቀን በላይ እንዳይቆይበት በበጀቱ ይካተት።

የቢራፍ ምርመራው ግን ጨርሶ እንዳይወጣ እለምናለሁ። ቢራፉ ሳይለወጥ ራስ የተባለው ጂን በተለወጠበት ሕዋስ ላይ፣ ቬሙራፈኒብ መስመሩን ከማገድ ይልቅ ያነሣሣዋል፤ መድኃኒቱን በሚወስዱ ሕመምተኞች ቆዳ ላይ አዲስ ስኳመስ የታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳይመረመሩ መስጠት አደጋ አለው።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ሐሳባችሁን ተቀብያለሁ፤ የሕመምተኞቻችንን እግር ሳላይ ከመጽሐፍ መጀመሬ ስሕተት ነበር። የመጀመሪያው ዓላማ «በአልቢኒዝምና በቆየ ቁስል ላይ በሚወጣ ስኳመስ ውስጥ የፒ53ና የኖች ለውጦችን ማነጻጸር» ተብሎ ተስተካክሏል፤ የውስጥ እግር ሜላኖማ ከኪትና ከቢራፍ ምርመራ ጋር ሁለተኛ ሆኗል። የሄጅሆጉ ክፍል ወደ አንድ አንቀጽ ያጥራል። መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት የናሙና አያያዙን ክፍል በጋራ ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ብትልኩልኝ፣ በጀቱን በዚያ መሠረት አስተካክላለሁ።