ሁለቱም መልሶች ፖዘቲቭ ሲሆኑ የቱ ይጣላል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ጥያቄ ላይ ተይዣለሁና የምታውቁ እርዱኝ። በጎነ ሦስት ሀለሐ ውስጥ ሀለ = 8 ሳ.ሜ፣ ሀሐ = 7 ሳ.ሜ፣ ለ ላይ ያለው አንግል 60° ነው። ለሐ ስንት ነው? ስዕል የለውም። የመልስ ወረቀቱ 5 ብቻ ይላል።

ለሐን ቀ ብዬ በኮሳይን ሕግ ሠራሁት፦

7² = 8² + ቀ² − 2 × 8 × ቀ × ½
49 = 64 + ቀ² − 8ቀ
ቀ² − 8ቀ + 15 = 0
(ቀ − 3)(ቀ − 5) = 0

ርዝመት ሲፈለግ ብዙ ጊዜ አንዱ መልስ ኔጌቲቭ ይወጣና ይጣላል፤ እዚህ ግን 3ም 5ም ፖዘቲቭ ናቸው። የሁለት ጎኖች ድምር ከሦስተኛው መብለጥ አለበት የሚለውንም ሁለቱም ያልፋሉ፤ 3 + 7 ከ8 ይበልጣል።

በፓይታጎረስም አየሁት። ከሀ ተነስቶ ለሐ ላይ የሚያርፈው ከፍታ መ ላይ ቢነካ፣ ለመ = 4፣ ሀመ² = 64 − 16 = 48፣ መሐ² = 49 − 48 = 1 ይሆናል። ሐ ከመ ወዲያ ከሆነ 4 + 1 = 5፤ ወዲህ ከሆነ 4 − 1 = 3። በ3ቱ ጊዜ ሐ ላይ ያለው አንግል ከ90° ይበልጣል፤ ጥያቄው ግን ይህን አይከለክልም። 7 ከከፍታው (6.93 ገደማ) ስለሚበልጥና ከ8 ስለሚያንስ ሁለት ጎነ ሦስት የሚሠራ ይመስለኛል።

3ን የሚጥል ያላየሁት ነገር አለ ወይስ የመልስ ወረቀቱ ነው የጎደለው? ከጎደለስ፣ 5 ብቻ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ ይሰጠው ትላላችሁ?