አጭር አስፈሪ ፊልም፦ ጭራቁ ይታይ ወይስ ይደበቅ?

የጦሳ ሥር ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ከደሴ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በስልክ 5 ደቂቃ የሚሆን አስፈሪ ፊልም ልንሠራ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ክረምት ነው፣ ጉም ሰፈሩን ውጦታል። አያትና የልጅ ልጅ ቡና እየጠጡ ነው። ሁለት ብቻ ናቸው፤ ረከቦቱ ላይ ግን ሦስት ሲኒ ተቀድቷል። መብራት ይጠፋል። ተመልሶ ሲመጣ ሦስተኛው ሲኒ ባዶ ነው።

የተጣላነው መጨረሻው ላይ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ከጓዳ ይውጣ ይላል። እኔ ምንም አይታይ ባይ ነኝ። ግን ምንም ሳናሳይ ሰውን በምን እንይዘዋለን?

ኤዲተር ከኮምቦልቻ፦
ጭምብሉን ተዉት። እንጀራዬ የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ ማታ ማታ ግን አጫጭር አስፈሪ ፊልሞችን እያቆምኩ አያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

መደበቅ ብቻውን አያስፈራም። ጨለማ ክፍል አሳይተህ ዝም ብትል ሰው ስልኩን ነው የሚያወጣው። ተመልካቹ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ይወቅ፤ የምትነፍገው የቀረውን ነው። ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ በ2013 እ.ኤ.አ. የሠራውን "ላይትስ አውት" እይ። 3 ደቂቃ አይሞላም። የገዛ አፓርታማው ውስጥ፣ ሚስቱን ሎታ ሎስተንን ይዞ ቀረፀው። መብራት ሲጠፋ አንድ ጥላ ቆሟል፤ ሲበራ የለም። በቃ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ አይነግርህም። መቼ እንደሚመጣ ግን ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ እጇን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው በሰደደች ቁጥር ነፍስህ ልትወጣ ትደርሳለች።

እናንተም ሕግ አላችሁ፦ መብራት ሲጠፋ ሲኒው ይጎድላል። አንዴ ብቻ ከሆነ ግን ድመት ጠጣችው ይባላል። ቡናው ሦስት ዙር አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ! በአቦል ይጠጣ፣ ልጅቷ ትደንግጥ። በቶና መብራት ሲጠፋ ተመልካቹ ራሱ ሲኒውን መጠበቅ ይጀምራል። በረካ ላይ ስክሪኑን ጥቁር አድርጉና ድምፅ ብቻ ተዉ። ፉት ሲል ይሰማ። መጀመሪያ ከወዲያ ማዶ፣ ቀጥሎ ከልጅቷ ጎን። ሙዚቃ የሚባል ነገር እንዳትጨምሩ። ሙዚቃ ቀድሞ ይናገርባችኋል፤ ተመልካቹም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልጅቷን ስትቀርፁ ደግሞ ከፍሬሙ ግማሹ ባዶ ይሁን፤ ሰው ሳያውቀው እዚያ እዚያ ያያል።

አብሽር ብቻ፦
ወላሂ ሰው ይናደዳል! ሳንድበርግም እኮ መጨረሻ ላይ የጥላውን ፊት አሳይቷል። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የሻርክ ፊልም "ጆውስም" ላይ ሻርኩ ብዙ የማይታየው ማሽኑ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው ነው። እሱም ቢሆን ኋላ ላይ ወጥቷል።

ኤዲተር ከኮምቦልቻ፦
ልክ ነህ፣ አሳይቷል። ግን ለቅጽበት ብልጭ አድርጎ ነው የቆረጠው፤ ማብራሪያ የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ረጅም ፊልም ሲቀየር የጥላውን ታሪክ መተረክ ግድ ሆነ። እኔ አጭሩን እመርጣለሁ። "ጆውስ" ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ ነው፤ እስኪያሳይህ ድረስ በደንብ አስጠብቆሃል። እነዚህ ልጆች ያላቸው 5 ደቂቃ ነው። ከሱቅ የተገዛ ጭምብል ደግሞ ያስቃል፣ አትዋሸኝ።

የሐይቅ እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ ፊልም አላውቅም፤ ቡና ግን አውቃለሁ። አያትየዋን አታስደንግጧት። ሲኒው ባዶ ሆኖ ስታገኘው ዝም ብላ ትሙላው። ዕጣኑንም ትጨምር። እኛ ቤት ማታ የጅብ ስም አይነሳም ነበር፤ አያቴ "ያ" ብቻ ነበር የምትለው። ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነበር እኛ ልጆቹ የምንሸማቀቀው።

የጦሳ ሥር ልጅ፦
እማማ፣ ያኑርልን! ይሄንንስ ሰረቅንዎት። ኤዲተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ መብራቱን ስናጠፋ ስልኩ በራሱ ምስሉን ያደምቀዋል። ጨለማው ግራጫ ይሆናል።

ኤዲተር ከኮምቦልቻ፦
ስክሪኑ ላይ ሲኒውን ተጫንና እጅህን አቆይ። ብዙ ስልኮች ላይ ፎከሱና ብርሃኑ እዚያው ይቆለፋል። ሙሉ ጨለማውን ግን በኤዲቲንግ ነው የምትሠራው፤ ጥቁር ስክሪን ለመቅረፅ አትድከም። የፉቱን ድምፅ በሌላ ስልክ፣ ከአፍ አጠገብ ለብቻው ቅዳ። ከከበዳችሁ ድምፁን ላኩልኝና ላስተካክለው። ሰርግ በሌለበት ሳምንት ብቻ ይሁን እንጂ።