ኤፍኤፍኤምፔግ ሲነሳ መስኮቱ ይደርቃል፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

ባለካሜራው፦ ሰላም ወገኖች። የሰርግ ቪዲዮ መጠን የምቀንስበት ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌያለሁ፤ መስኮቱ የተሠራው በቲኪንተር (የፓይተን መስኮት መሥሪያ) ነው። ቁልፉን ስጫን ኤፍኤፍኤምፔግን (ቪዲዮ ቀያሪ ፕሮግራም) በፖፕን (ሌላ ፕሮግራም ማስነሻ) አስነሳና ፐርሰንቱን ላሳይ ብዬ የሚጽፈውን በሪድላይን (መስመር በመስመር ማንበቢያ) አነባለሁ። መስኮቱ ግን ይደርቃል፤ ፐርሰንቱም 0 ላይ ተገትሯል። አጫጭሩ ቪዲዮ ሲያልቅ ይነቃል፤ 3 ሰዓት የሚረዝመው ግን ትናንት ማታ እንደቆመ አደረ። ሙሽሮቹ ዛሬ 11 ሰዓት ይመጣሉ!

የማታ ኮድ፦ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ተጠቀም።

መምህሩ፦ መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ። ሪድላይን መስመር እስኪመጣለት ንቅንቅ አይልም። ቲኪንተር ደግሞ መስኮቱን መሳሉንም ጠቅታ መቀበሉንም በአንድ ትሬድ ነው የሚሠራው። ሆቴሉ ያለው አንድ አስተናጋጅ ብቻ ሆኖ፣ እሱም ምግቡ እስኪወጣ ኩሽና በር ላይ ቢቆም፣ ደንበኛ ቢያጨበጭብ ማን ይሰማዋል?

ወሎዬው፦ ሃንድብሬክ (የቪዲዮ መጠን መቀነሻ ፕሮግራም) በነፃ እያለ ፕሮግራም መጻፉ ለምን አስፈለገ? ቢያንስ የዛሬውን በእሱ ጨርስ።

ባለካሜራው፦ ወንድሜ፣ ሱቅ ያሉት ልጆች አንድ ቁልፍ ብቻ ተጭነው እንዲጨርሱ ብዬ ነው።

የማታ ኮድ፦ ትሬድ አልኩህ እኮ።

ሸገር፦ ሙሽሮቹ ከቀደሙ ቡና ይፈላላቸው፤ በረካው ሳይጠጣ አይነሱም። አሁን ይህን መልስልኝ፦ ኤስቲዲአውትንም (የፕሮግራም መደበኛ መውጫ) ኤስቲዲኢአርንም (የስህተትና የመልእክት መውጫ) ፓይፕ አድርገሃል (ወደ ፕሮግራምህ በሚያመጣ ቧንቧ አገናኝተሃል)? የምታነበውስ የቱን ነው?

ባለካሜራው፦ ሁለቱንም ፓይፕ አድርጌያለሁ። የማነበው ኤስቲዲአውትን ብቻ ነው። ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ነኝ፣ ረስቼው።

ሸገር፦ በቃ ተገኘ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሥራውን ሂደት የሚጽፈው ኤስቲዲኢአር ላይ ነው፤ አንተ ባዶውን ጉድጓድ ነው የምትጠብቀው። ሊኑክስ ላይ ፓይፕ የሚይዘው 64 ኪሎባይት ነው። አንባቢ አጥቶ ሲሞላ ኤፍኤፍኤምፔግ መጻፍ አቅቶት ይቆማል። አጫጭሩ ከመሙላቱ በፊት ያልቃል፣ ረጅሙ አያልቅም። ትሬድ ብቻ ብትጨምር መስኮቱ ይነቃል እንጂ የ3 ሰዓቱ ተመልሶ ይቆማል።

ስለዚህ ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ፕሮግረስ ፓይፕ፡1 (-progress pipe:1፣ ሂደቱን ወደ ኤስቲዲአውት የሚልክ)፣ ሰረዝ ኖስታትስ (-nostats፣ የተለመደውን የሂደት መልእክት የሚያጠፋ)፣ ሰረዝ ኖስቲዲኢን (-nostdin፣ ከቁልፍ ሰሌዳ እንዳያነብ የሚያደርግ) ጨምር። ያኔ ሂደቱ በኤስቲዲአውት በየመስመሩ ይመጣልሃል። አውት ታይም ዩኤስ የሚለው መስመር እስካሁን የተሠራው የቪዲዮ ርዝመት ነው፣ በማይክሮሰከንድ፤ ለሚሊዮን አካፍለህ ሰከንድ አድርገው፣ ከዚያ ኤፍኤፍፕሮብ (ከኤፍኤፍኤምፔግ ጋር የሚመጣ የቪዲዮ መረጃ አንባቢ) በሰከንድ ለሚነግርህ ጠቅላላ ርዝመት አካፍለው። ኤስቲዲኢአርን ወደ ፋይል ላከው፤ ስህተት ቢመጣ ከዚያ ታነበዋለህ።

ንባቡን በሌላ ትሬድ አድርገህ መስመሩን ኪው (በትሬዶች መካከል መልእክት የሚያቀብል ወረፋ) ውስጥ ክተት። ዋናው ትሬድ በአፍተር (የቲኪንተር ሰዓት ቆጣሪ) በየ100 ሚሊሰከንዱ ኪውውን በጌት ኖዌት (ሳይጠብቅ የሚወስድ ትእዛዝ) ይይ፤ ባዶ ከሆነ ይለፈው።

መምህሩ፦ ልክ ነው። ከንባቡ ትሬድ ሌብሉን (ፐርሰንቱ የሚታይበትን የመስኮት ጽሑፍ) በቀጥታ እንዳትነካ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ፕሮግራሙን ይዞ ይወድቃል።

ባለካሜራው፦ ፐርሰንቱ 4 አለ! መስኮቱም ይንቀሳቀሳል! የ3 ሰዓቱን አሁን አስገባሁት።

የማታ ኮድ፦ ትሬድ ነው ብዬ ነበር።

ሸገር፦ ባለካሜራው፣ ረጅሙ አለፈ?