ዊንዶውስ 10 አበቃ፤ 7ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፔን ልሽጠው ወይስ ላድሰው?

ሂሳብ_ሠሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ኮር አይ 5 7200ዩ ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ የሚሽከረከረው ዓይነት። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራምና ኤክሴል ላይ ነኝ፤ ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ እጽፋለሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018) ካበቃ ወዲህ ኮምፒውተሩ ወደ 11 ማደግ እንደማይችል ይነግረኛል። አንድ ሱቅ ስጠይቅ «ይሄ ከእንግዲህ አይሠራም፣ ሽጠሽ ሌላ ግዢ» አሉኝ። ራሙን 16 ላድርገው ብል ደግሞ የተጠራብኝ ዋጋ አስደነገጠኝ። በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ለመነሳት ራሱ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ማዘርቦርድ፦
እህቴ፣ እንዳትሸጪው። ዊንዶውስ 10 አፕዴት ቆመበት እንጂ መሥራት አላቆመም። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ይነሳል፣ ፒችትሪም ይከፈታል። ችግሩ ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኙ የደህንነት ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ መቅረታቸው ነው፣ እና አንቺ የሰው ሂሳብ ስለያዝሽ ይሄን ዝም ብለሽ ማለፍ የለብሽም።

መፍትሔው ኢኤስዩ የሚባለው ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት ነው። እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 (ጥቅምት 3 ቀን 2019) ያቆይሻል። መጀመሪያ ዊንዶውስሽ 22ኤች2 (የመጨረሻው የ10 ስሪት) መሆኑን እዪና ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ የመመዝገቢያው ሊንክ መኖሩን ፈልጊ። ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ ነገር ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተሽ ሴቲንግሽን ወደ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ባክአፕ ካደረግሽ በነፃ ይመዘግብሻል። የዶላር ካርድ ለሌለን ሰዎች መንገዱ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነና ዶሜይን ውስጥ (የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ከአንድ ቦታ የሚተዳደሩበት መረብ) ከገባ ግን ይሄ አይሠራም፣ የድርጅቶቹ ክፍያ ሌላ ነው።

ቀርፋፋነቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም፣ የሃርድ ዲስኩ ነው። እሱን አውጥተሽ በቦታው ሳታ ኤስኤስዲ አስገቢ፤ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው፣ ሳታ ደግሞ የሚሰካበት መስመር ነው። 256 ጊጋ ለሥራሽ ይበቃል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 10 የሚያስጠብቅሽ ጊዜ አብዛኛው ይጠፋል፤ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ ለዚህ ላፕቶፕ የለም፣ ራምም ቢሆን።

ራሙን ለጊዜው ተዪው። ለፒችትሪና ለኤክሴል 8 ጊጋ ይሄዳል። ዋጋው የሰማሽው ሱቁ ጨምሮብሽ ላይሆን ይችላል፣ ዓለም ላይ ነው የጨመረው። አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ ሦስቱም ማምረቻቸውን ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች ወደሚሸጠው ኤችቢኤም ወደሚባል በጣም ፈጣን ሜሞሪ እያዞሩ ነው። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል የሚለውን ለተራ ገዢ የሚሸጥበትን ብራንድ ጭራሽ እንደሚዘጋ ተናገረ። ክሩሻል እኮ ላፕቶፑን ራሱ ፈቶ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስም ነበር! በጣም ያሳዘነኝ ዜና ነው። ኤስኤስዲም በዚያው ምክንያት እየተወደደ ስለሆነ ብዙ አትዘግዪ።

ፔንግዊን፦
በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫኚና ተገላገዪ። ሚንት 22 እስከ 2029 ድጋፍ አለው፣ በ7200ዩ ላይ ቀላል ነው፣ እንደ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም (የደህንነት ቺፕ) ምናምን አይጠይቅሽም። አማርኛም ኪይማን በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ትጽፊያለሽ።

ቆጣሪው፦
ፔንግዊን፣ ለተማሪ ወይም ኢንተርኔት ብቻ ለሚጠቀም ሰው እስማማለሁ። እሷ ግን ፒችትሪ ብላለች። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ ፓወር ግዕዝም እንደዚያው። በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስከፍት ሶፍትዌር) ለማስኬድ እየታገለች የወር መዝጊያ ቢደርስባት ማን ይደርስላታል? የእንጀራ ማሽን ላይ ሙከራ አይደረግም። ሂሳብ_ሠሪዋ፣ ዲስኩን ከመንካትሽ በፊት ከፒችትሪው ውስጥ የእያንዳንዱን ደንበኛ ባክአፕ አውጪና ፍላሽ ላይ አስቀምጪ፤ ፍላሹን ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ አረጋግጪ።

ሂሳብ_ሠሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የማውቀው ልጅ ደግሞ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም የማይክሮሶፍትን መስፈርት አልፌ 11ን እጭንልሻለሁ ይላል። ይቻላል?

ማዘርቦርድ፦
ይቻላል፣ ይሠራልም። 7ኛ ጄኔሬሽን ላይ ያለ ችግር ሲሄድ አይቻለሁ። እንዲያውም እዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ያናድደኛል። ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው የሚወጡ አዲስ የኮምፒውተር ሞዴሎች ቲፒኤም 2.0 እንዲኖራቸው ያስገደደው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ያንቺም ላፕቶፕ ቺፑ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ በ2021 ዊንዶውስ 11ን ይዞ መጣና ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች አልቀበልም አለ። ትንሽ ቆይቶ ኮር አይ 7 7820ኤችኪው የሚባለውን 7ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ያ ፕሮሰሰር ያለው የት ነው? ማይክሮሶፍት በ2018 ለሽያጭ ባቀረበው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ውስጥ! ለራሱ ማሽን መንገድ ከተገኘ ለሌላውም ይገኝ ነበር። ስንት ደህና ላፕቶፕ በዚህ ውሳኔ ከገበያ እየወጣ ነው፣ እንደ እኛ ያገለገለ ዕቃ በሚገዛበት አገር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ግን ላንቺ አሁን አልመክርም። እንዲህ የተጫነ 11 አፕዴት እንደሚያገኝ ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም፣ ትልቁ ዓመታዊ ማሻሻያም ብዙ ጊዜ በራሱ ስለማይመጣ ልጁን እንደገና መፈለግሽ ነው። ኢኤስዩው እስኪያልቅ በ10 ሥሪበት።

ከቨርጂኒያ፦
ከዚህ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ድርጅቶች 11 የማይቀበሉ ላፕቶፖችን በብዛት እያስወጡ ስለሆነ 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን ርካሽ ሆኗል፣ ሰውም ገዝቶ ለዘመድ ይልካል። ባትልኩ ጥሩ ነው። ጥቂት ጨምራችሁ 8ኛ ግዙ። 7200ዩ 2 ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) ነው፣ 8250ዩ ግን 4፤ ልዩነቱ ሥራ ላይ በደንብ ይታያል፣ 11ንም በሕጋዊ መንገድ ይቀበላል።

ማዘርቦርድ፦
ትክክል። ሂሳብ_ሠሪዋ፣ ኢኤስዩው የሚያልቅበት ጥቅምት 2019 ሲቃረብ የምትገዢው 8ኛ ጄኔሬሽኑን ነው። ዛሬ የምትገዢው ኤስኤስዲም ሳታ ስለሆነ፣ አዲሱ ላፕቶፕ የ2.5 ኢንች ቦታ ካለው ነቅለሽ ትወስጂዋለሽ። ስትገዢ ኋላውን አስከፍተሽ እዪ፤ ቀጫጭኖቹ ብዙዎቹ ያ ቦታ የላቸውም።